ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ለተረከባችሁ ታናናሾቼ፦ ሥልጠናው፣ የሥራ ቀኑና የነዋሪው ድርሻ

ውሻችሁ የሚፈልገው ፈንጂ አይደለም፤ የጎማ መጫወቻውን ነው። አንድ የተለየ ሽታ ያለበት ቦታ ደርሶ ቁጭ ካለ መጫወቻው እንደሚመጣለት ተምሯል። ከአፈሩ በታች ምን እንደተቀበረ፣ ማን እግሩን እንዳጣበት አያውቅም። ስለዚህ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ በእናንተ ትከሻ ላይ ነው። ውሻው ከልቡ መፈለጉንና አለመፈለጉን ለይቶ የሚያውቀው ያዡ ብቻ ነው፤ «ዛሬ አልፈለገም፤ ይህ መሬት አልተፈተሸም» ብሎ መዝገብ ላይ መጻፍ የሚችለውም እሱ ብቻ ነው። የማስተምራችሁ ነገር ሁሉ ይህን በድፍረት መጻፍ እንድትችሉ ነው።

እኔ ሥራውን የተማርኩት ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ትቶት በሄደው መሬት ላይ፣ በትግራይና በአፋር ነው። የኢትዮጵያ ፈንጂ አምካኝ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ከተቋቋመ በኋላ፣ የኖርዌይ ሕዝብ እርዳታ ድርጅት በሰጠው ድጋፍ አነፍናፊ ውሾች ወደ አገራችን ገብተው ከእጅ አምካኞችና ከማሽን ጋር አብረው ሠርተዋል። ዛሬ ደግሞ የኋለኛው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ያልፈነዳ ተተኳሽ በየማሳው ጥሎ ስላለፈ፣ ሙያው እንደገና ወጣት እጆች ይፈልጋል።

ውሻ ለምን አስፈለገ?

በአሮጌ ምሽግ አጠገብ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ የቆመ ሰው ሥቃዩን ያውቀዋል። የጥይት ቀለህ፣ የሞርታር ስባሪ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የሽቦ ቁራጭ በየስንዝሩ አለ፤ መሣሪያው ለሁሉም ይጮኻል፤ አምካኙም ለእያንዳንዱ ጩኸት ተንበርክኮ ይቆፍራል። በሌላ በኩል ፒኤምኤን የሚባለው ፀረ ሰው ፈንጂ አካሉ ፕላስቲክ፣ ክዳኑ ጎማ ነው፤ ቲኤንቲ የተባለውን የሚፈነዳ ንጥረ ነገር 240 ግራም ይይዛል። ፒኤምዲ-6 ደግሞ 200 ግራም ቲኤንቲ የገባበት የእንጨት ሣጥን ነው። ብረታቸው ጥቂት ነው፤ ሽታቸው ግን ይወጣል። በተለይ ከቲኤንቲ ጋር አብሮ የሚገኘው ዲኤንቲ የተባለው ንጥረ ነገር ከራሱ ከቲኤንቲ ይልቅ በቀላሉ ወደ አየር ስለሚተን፣ በፕላስቲኩ ስንጥቅና በአፈሩ ቀዳዳ አልፎ ላይ ይደርሳል። ውሻው ስባሪ ብረቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር አልፎ ይህን ያነፈንፋል። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ሰፊ የተጠረጠረ መሬትን ወይም መንገድን በፍጥነት ፈትሾ ጥርጣሬውን ማጥበብ።

ውሻ የማይገባበት ቦታም አለ፤ ይህንን ከጥቅሙ በፊት በቃላችሁ ያዙት። እንደ ፖምዝ ያለ፣ በተዘረጋ ሽቦ የሚፈነዳ ፈንጂ ያለበት ቦታ ውሻ አይለቀቅም፤ በእግሩ ሽቦውን ይጎትተዋል። ፈንጂ ጥቅጥቅ ብሎ በረድፍ በተቀበረበት መሬት ላይ የአንዱ ሽታ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ምንጩን መለየት ያቅተዋል። ረጅም ሣር አፍንጫው መሬት እንዳይደርስ ያደርጋል። ፈንጂ በቦታው እንዲፈነዳ የተደረገበት አፈርም ለረጅም ጊዜ በፈንጂው ቅሪት ስለሚበከል፣ ውሻው እዚያ ቁጭ ቢል ምንም አይደንቅም።

ውሻውን መምረጥና መልመድ

ብዙ ሰው ታዛዥ ውሻ ይመርጣል። እኔ ግትሩን እመርጣለሁ። መጫወቻውን ሣር ውስጥ ወርውሩና ዝም ብላችሁ ቁሙ። ጥቂት ፈልጎ ወደ ፊታችሁ የሚያየው ውሻ ለቤት ይሆናል፤ ሣሩን እየገለበጠ፣ እናንተን ረስቶ፣ ምላሱ ተንጠልጥሎ የሚፈልገው ግን የሥራ ውሻ ነው። ማሊንዋና ጀርመን ሼፐርድ የተባሉት የውሻ ዝርያዎች በብዛት የሚሠለጥኑት ይህ ጠባይ ስላላቸው ነው። የጭነት መኪና ሞተር ሲነሳ ወይም ከሩቅ ፍንዳታ ሲሰማ የሚርበተበተውን ውሻ፣ አፍንጫው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ተዉት።

ከተረከባችሁት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ሥልጠና አትጀምሩ። ምግቡን እናንተ ስጡት፤ ፀጉሩን እናንተ አበጥሩት፤ ጆሮውን፣ ድዱን፣ በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ እጃችሁ ይወቀው። መጫወቻው ኪሳችሁ ውስጥ ይደር። ከውሻው ቤት ውስጥ የሚያድር መጫወቻ በሳምንቱ ዋጋ ያጣል። ሌላ ሰውም አብሮት እንዲጫወት አትፍቀዱ፤ ይህን ስትሉ ጓደኞቻችሁ ቅር ይላቸው ይሆናል፣ ቅር ይበላቸው። ውሻና ያዥ የሚፈተኑትና ፈቃድ የሚያገኙት እንደ አንድ ቡድን ነው፤ ያዡ ከተለወጠ ፈተናው እንደገና ይደገማል።

ሽታውን ማስተማር

ክዳናቸው የተበሳ አንድ ዓይነት ጣሳዎች በረድፍ ደርድሩ። በአንዱ ውስጥ ትንሽ የቲኤንቲ ናሙና ይኖራል። ውሻውን በረድፉ ላይ አሳልፉት። አፍንጫው ትክክለኛው ጣሳ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ይቆማል፤ መጫወቻው እዚያ መድረስ ያለበት ያኔ ነው፣ አፍንጫው ገና ጣሳው ላይ ሳለ። አንድ ሰከንድ ከዘገያችሁ ራሱን አቅንቶ ወደ እናንተ ይመለከታል፤ የሸለማችሁትም ያንን ማየት ይሆናል። ሽታው ከመጫወቻው ጋር በደንብ ከተቆራኘ በኋላ ቁጭ እንዲል ጠይቁት፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ የሚቆይበትን ጊዜ ቀስ በቀስ አርዝሙ። ቁጭ ማለቱ ለቁምነገር ነው፤ በእግሩ የሚቧጥጥ ውሻ እውነተኛ ፈንጂ ላይ ምን እንደሚያደርስ መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን ብዙ ሥልጠና የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ናሙናውን በጓንት አስገብታችሁ ሌሎቹን ጣሳዎች በባዶ እጅ ከነካችሁ፣ ውሻው የሚማረው የጓንት ሽታ ነው። ናሙናው በፕላስቲክ ከረጢት ከመጣ የፕላስቲክ ሽታ ይማራል። ውሻው ተንኮለኛ ሆኖ አይደለም፤ ቀላሉን ሽታ መርጦ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ጣሳ በአንድ ዓይነት ጓንት ንኩ፤ በሌሎቹ ውስጥም ንጹሕ ጓንት፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ የጎማ ቁራጭ፣ ቀለህ፣ ሳሙና፣ የጫማ ቀለም፣ እንጀራ ሳይቀር አስገቡ። ጣሳዎቹን አዘውትራችሁ ለውጡ። ውሻው ያንን ሁሉ አልፎ ቲኤንቲው ላይ ብቻ ሲቆም ነው «አወቀ» የሚባለው።

ሁለተኛው ወጥመድ እናንተ ናችሁ። ናሙናው የት እንዳለ የሚያውቅ ያዥ ሳያስበው እርምጃውን ያዘገያል፤ ትንፋሹን ይይዛል፤ ገመዱ ላይ ያለ እጁ ይጠነክራል። ውሻ ይህን ሁሉ ያነባል። በልምምድ ሜዳ ላይ ሁልጊዜ አሥር ከአሥር የሚያገኝ፣ እውነተኛው መሬት ላይ ግን ግራ የሚጋባ ውሻ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ያዡን ተጠራጠሩ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ናሙናውን ሦስተኛ ሰው ይደብቀው፤ ለእናንተ አይንገራችሁ፤ እሱም ውሻው በማያየው ቦታ ይቁም። ምንም ያልተደበቀበትን ረድፍም ደጋግማችሁ አሠሩት። ባዶ መሬት ሙሉውን ፈልጎ፣ ሳይዋሽ፣ ሳይቀመጥ መጨረስ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በሥራ ላይ ከሚፈተሸው መሬት አብዛኛው ባዶ ነውና።

ወደ ሜዳ ስትወጡ መቀጣጠያቸው የተነቀለ ፈንጂዎች በልምምድ መሬት ላይ ተቀብረው ወራት ማስቆጠር አለባቸው። ትናንት የተቆፈረ አፈር የራሱ ሽታ አለው፤ ውሻው የተገለበጠ አፈርን ብቻ መፈለግ ይማራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካውያን በሰሜን አፍሪካ ያሰማሯቸው የፈንጂ ውሾች ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። በኤሌክትሪክ ንዝረት እየተቀጡ የተቀበረን ነገር እንዲለዩ ነበር የሠለጠኑት፤ ጦር ሜዳ ላይ ግን ሊታመኑ አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ በአፍጋኒስታን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ፣ በኋላም በቦስንያ የተገነባው ልምድ በሽልማት ላይ የቆመ ነው። ውሻ ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው በእኔ ክፍል ውስጥ አይቆይም። የተመታ ውሻ ስሕተትን ይፈራል፤ ስሕተትን የሚፈራ ውሻ የተጠራጠረውን ይደብቃል።

የሥራ ቀን

በአፋር ቆላ ሥራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይጀመርና 3 ሰዓት ተኩል ግድም ያበቃል። የሚያለከልክ ውሻ በአፉ እየተነፈሰ ስለሆነ በደንብ አያነፈንፍም፤ ሙቀቱን መታገል ትርፉ ድካም ነው። ጠዋት ሌላም ጥቅም አለው። ክው ብሎ የደረቀ አፈር ሽታውን አጥብቆ ይይዛል፤ ትንሽ እርጥበት ግን ይለቀዋል። ውኃ ባቋተ መሬት ላይ ወይም ዝናብ እየወረደ ሳለ ግን አትሥሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት ዐይኑን፣ ድዱን፣ መዳፉን እዩ፤ የሰውነቱን ሙቀት በቴርሞሜትር ለኩ። ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ጤናማ ነው። ሥራ ቦታው ስትደርሱ አስቀድሞ ፈንጂ የተቀበረበት የመፈተኛ መሬት ይኖራል፤ ውሻው እዚያ ይፈተን። ከሳተ፣ የዚያን ቀን ወደ ተጠረጠረው መሬት አይገባም። «ትናንት ጎበዝ ነበር» የሚል ክርክር አይሠራም።

የሚፈተሸው መሬት ብዙውን ጊዜ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር ሆኖ ይከፈላል፤ ዙሪያው በእጅ አምካኞች የጸዳ መተላለፊያ ነው። እግራችሁ ከዚያ መተላለፊያ አይወጣም፣ ምንም ቢፈጠር። ነፋሱን በፊታችሁ ተቀበሉት። ውሻው በረጅሙ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ እናንተ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ጎን ትሄዳላችሁ፤ እንደገና ይላካል። አቧራ የሚያስነሳ ነፋስ ከመጣ ሥራው ይቆማል። አንዱ ውሻ የጨረሰውን መሬት ሁለተኛው ውሻ ከሌላ ያዥ ጋር እንደገና ይፈትሸዋል፤ ሁለተኛው ያዥ የመጀመሪያው ያሳየውን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ የለበትም።

ውሻን ማንበብ በጽሑፍ ማስተማር ይከብዳል፤ ቢሆንም የማውቃትን አንዲት ማሊንዋ ልግለጽላችሁ። ባዶ መሬት ላይ አፏን ገርበብ አድርጋ፣ ጅራቷን ሳታወዛውዝ በእኩል ፍጥነት ትሄዳለች። ሽታ ሲነካት አፏ በመጀመሪያ ይዘጋል። ከዚያ የትንፋሿ ድምፅ ይለወጣል፤ አጭርና ፈጣን ይሆናል፣ ከመተላለፊያው ላይ ሆናችሁ ትሰሙታላችሁ። አንድ እርምጃ አልፋ ሄዳ ራሷን ወደ ኋላ ትቀለብሳለች። ጅራቷ ከሥሩ ጠንክሮ ጫፉ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ግራ ቀኝ ታነፈንፋለች፣ ሽታው ወደ በረታበት ትጠጋለች፤ አንዳንዴ ይህ ረጅም ጊዜ ይወስድባታል። ከዚያ ቁጭ። ራሷን በቀለበሰች ጊዜ ገመዱን የጎተተ ያዥ «እዚያ ምንም የለም» ብሎ ነግሯታል፤ እሷም አምናው ታልፋለች። ስለዚህ የእጃችሁ ሥራ ገመዱን ሳይወጠርም ሳይጠላለፍም መያዝ ብቻ ነው። ወሳኙ ጊዜ አፏ ሲዘጋ ነው፤ ያኔ ትንፋሻችሁን እንኳን አትቀይሩ።

ቁጭ ካለ ቦታውን ከመተላለፊያው ላይ ሆናችሁ በልኬት መዝግቡና ውሻውን ጥሩት። እንዲያረጋግጥላችሁ ሁለተኛ አትላኩት። የቀረው የእጅ አምካኙ ሥራ ነው፤ በመሣሪያና በመውጊያ ዘንግ ከጎን እየተጠጋ ይቆፍራል። ምንም ባይገኝ ውሻውን አትቆጡ፤ የበሰበሰ የእንጨት ሣጥን ቅሪት ወይም ተሰብሮ የፈሰሰ ፈንጂ ሊሆን ይችላል። ሽልማቱን በተመለከተ እያንዳንዱ ድርጅት ደንብ አለው። እኔ የምወደው በሥራው መሬት ላይ ለስለስ ያለ ምስጋና ሰጥቶ፣ ወዲያው በመፈተኛው መሬት የታወቀ ፈንጂ አሳይቶ እዚያ ጠግቦ እንዲጫወት ማድረግን ነው። ሽልማቱ እውነተኛ ግኝት ላይ ብቻ ሲወድቅ የውሻው ሐቀኝነት አይሸረሸርም።

ሙቀትና መዥገር

እነዚህ ሁለቱ ከፈንጂው ይልቅ ብዙ ውሻ ይጎዱብናል። ምላሱ ሰፍቶ ጠርዙ ወደ ላይ ከተቀለበሰ፣ ድዱ ከመጠን በላይ ከቀላ፣ አረማመዱ ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገቡትና ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ሆዱ፣ ብሽሽቱና መዳፉ ላይ አፍስሱ፤ አየር እንዲነካው አድርጉ። በረዶ የሆነ ውኃ አትጠቀሙ። ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ካለፈ በሕይወቱ ላይ ተደርሷል፤ እያቀዘቀዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ።

መዥገር በየምሽቱ ይለቀም፦ ጆሮ ውስጥ፣ ብብት ሥር፣ በጣቶች መካከል፣ ከጅራቱ ሥር። መዥገር የሚያመጣው የደም በሽታ ሲጀምር ውሻው የታመመ አይመስልም፤ ምግቡን ትንሽ ይተዋል፤ መፈለጉ ትንሽ ይቀዘቅዛል። ያዡ «ደክሞት ነው» ብሎ ካለፈው፣ ትኩሳት ያለበት አፍንጫ መሬት እያጸዳ ነው ማለት ነው። የእብድ ውሻ ክትባቱም ቀኑን አይለፍ፤ በምንሠራበት ገጠር ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ነው።

ከአለቃ ጋር

የሥራ ሪፖርት በካሬ ሜትር ይጠየቃል። ወር ሲያልቅ ስልክ ይደወላል፤ «ስንት ፈተሻችሁ?» ይባላል። አንድ ጊዜ ኃላፊ የነበረ ሰው፣ ውሻዬን መልሼ ወደ ቤቱ ባስገባሁበት ጠዋት፣ መኪና ሙሉ ሰው ቆሞ እየጠበቀ መሆኑን እየጠቆመ እንድቀጥል አዘዘኝ። አልቀጠልኩም፤ በመዝገቡም ላይ ምክንያቱን ጽፌ ፈረምኩ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ውሻው ፍላጎት ሲያጣ፣ እንደ ልማድ ሄዶ ሲመለስ፣ አፍንጫውን ከመሬት ሲያነሳ፣ ከሠራችሁት መሬት ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደማይታመን ወስኑና ያንን ሁሉ «ያልተፈተሸ» በሉት። ነገ እዚያ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ሰው የሚያምነው የእናንተን ፊርማ ነው።

ቡድኑ መንደራችሁ ሲመጣ

ይህ ክፍል ለነዋሪዎች ነው፤ ታናናሾቼም ለሽማግሌዎችና ለመምህራን አንብቡላቸው። ውሻውን አትጥሩት፣ ምግብ አትስጡት፣ ልጆች ሊዳስሱት አይሩጡ። የቤታችሁ ውሻ ይታሰር፤ ከብትና ፍየል ከሥራው ቦታ ይራቅ። ለቡድኑ የምትሰጡት ትልቁ እርዳታ የምታውቁትን መናገር ነው፦ በቅሎ የሞተችበትን፣ ሰው የተጎዳበትን፣ ወታደር የሰፈረበትን፣ እረኞች የሚሸሹትን ጥግ። ውሻው የሚጀምረው እናንተ በጣታችሁ ከጠቆማችሁት ነው።

በቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ወይም የአደጋ ምልክት ለአጥርም ለምድጃም አይነሳ። ውሻ ዞሮበታል ማለት ጸድቷል ማለት አይደለም፤ መሬቱ ተመርምሮ በይፋ እስኪረከብ ድረስ እግር አይግባበት። የማታውቁት ብረት ወይም ፕላስቲክ ካያችሁ አትንኩ፣ ድንጋይ አትወርውሩ፤ ባላችሁበት ቁሙና በመጣችሁበት የታወቀ መንገድ ተመልሳችሁ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ፈንጂ መካከል መግባታችሁን ከጠረጠራችሁ ግን አንድም እርምጃ አትንቀሳቀሱ፤ ሌሎች እንዳይከተሉ ጮኻችሁ አስጠንቅቁ፣ እርዳታ እስኪመጣ ጠብቁ።

ክረምት ሲያልፍ ደግሞ ወንዝ ዳርና ተዳፋት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። ጎርፍ ፈንጂን ከላይ ነቅሎ ከታች ወዳለ፣ ቀድሞ ንጹሕ ወደነበረ ማሳ ያወርዳል። የጎርፉ መንገድ ከተጠረጠረ መሬት የሚመጣ ከሆነ፣ መስከረም ላይ ከማረስ በፊት ቡድኑን መልሳችሁ ጥሩት።